ባለ 16 እግር ጠረጴዛ፦ የቁጥጥር ሥራ ማስታወሻ

ሥራው ይህ ነው። 1.2 ሜትር በ1.2 ሜትር የሆነ፣ 6 ሚ.ሜ ውፍረት ያለው የአሉሚኒየም ላሜራ (23 ኪ.ግ ገደማ) በ16 እግሮች ላይ ተቀምጧል። እግሮቹ 4 በ4 ተደርድረዋል፤ ከአንዱ እስከ ቀጣዩ 360 ሚ.ሜ ነው። እስከ 200 ኪ.ግ ቢጫንበትም፣ ጭነቱ ከቦታ ቦታ ቢዘዋወርም፣ ላሜራው በታዘዘው ከፍታና ዝንባሌ መቆየት አለበት።

የእያንዳንዱ እግር ዕቃ፦ ባለ 24 ቮልት ዲሲ ሞተር ከ30 ለ 1 ማርሽ ጋር፣ የሞተሩን ዙር ወደ ላይና ታች እንቅስቃሴ የሚቀይርና በዙር 2 ሚ.ሜ የሚሄድ ሊድ ስክሩ (ባለ 8 ሚ.ሜው ኤሌክትሪክ ሲጠፋ በጭነት ወደታች ስለሚንሸራተት አልተመረጠም)፣ ሞተሩ ጫፍ ላይ በዙር 11 ምት የሚሰጥ ኢንኮደር (ዙር ቆጣሪ)፣ 50 ኪ.ግ የሚችል ሎድ ሴል (ጭነት መለኪያ)፣ ከላይና ከታች ሁለት ሊሚት ስዊች (እግሩ ጫፍ መድረሱን የሚናገሩ)፣ ዲ አር ቪ 8871 የሞተር ድራይቨር፣ የሞተሩን ከረንት የሚለካ አይ ኤን ኤ 240፣ አንድ ኤስ ቲ ኤም 32 ኤፍ 103 (እግሩን የሚያዝ ትንሽ የኮምፒውተር ቺፕ፤ ከዚህ በኋላ ኤፍ 103)። በጠቅላላው 16 ሞተርና 80 የሴንሰር መስመር። ሁሉም የሚገናኙት በካን ባስ (መልእክት በሁለት ሽቦ የሚያልፍበት የጋራ መስመር) ነው።

ሳምንት 1፦ አንድ እግር ብቻ

11 ምት በ4 (በአንድ ምት የሚቆጠሩ ጠርዞች) ሲባዛ 44፣ በ30 ሲባዛ 1320 ቆጠራ በአንድ የስክሩ ዙር። 2 ሚ.ሜ ለ1320 ሲካፈል አንዱ ቆጠራ 1.5 ማይክሮን ገደማ ይሆናል። ለቦታ ከበቂ በላይ ነው። ለፍጥነት ግን አይበቃም፤ ሳምንቱን የበላውም ይኸው ነው።

ሞተሩ በደቂቃ 6000 ሲዞር ኢንኮደሩ በሰከንድ 4400 ቆጠራ ይሰጣል። በ2 ሚሊሰከንድ የቁጥጥር ዙር (ፕሮግራሙ አንዴ ለክቶ የሚያዝበት ጊዜ) 9 እንኳ አይሞላም። እግሩ በሰከንድ ግማሽ ሚሊሜትር እያለ ቀስ ብሎ ሲሄድ ደግሞ በዙር 0.66 ቆጠራ ነው፤ ማለትም ንባቡ 0፣ 1፣ 1፣ 0፣ 1 እያለ ይዘላል። ፒ አይ ዲው (ስህተቱን አይቶ ሞተሩን የሚያዘው ስሌት) ላይ ያለው የዲ ክፍል (የለውጡን ፍጥነት የሚያየው) ይህን ዝላይ አግዝፎ ወደ ሞተሩ ይልከዋል፤ ሞተሩ እንደ ንብ ያጉረመርማል፣ ድራይቨሩም ያለ ሥራ ይግላል።

መጀመሪያ የተሞከረው ንባቡን በ10 ኸርዝ ፊልተር ማለስለስ ነበር። ጉርምርምታው ጠፋ፤ በምትኩ እግሩ በሰከንድ 6 ጊዜ ያህል መወዛወዝ ጀመረ። ፊልተር የሚያመጣው መዘግየት እንጂ አዲስ መረጃ አይደለም።

የሠራው ዘዴ፦ በቋሚ ጊዜ ውስጥ ስንት ቆጠራ መጣ ከማለት ይልቅ በሁለት ቆጠራዎች መካከል ስንት ጊዜ አለፈ ብሎ መለካት። ታይመሩ በ1 ሜጋኸርዝ እየቆጠረ የምቱን ጠርዝ ይመዘግባል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የርካሽ ኢንኮደር አራት ጠርዞች እኩል ርቀት የላቸውም። ከማንኛውም ጠርዝ እስከ ቀጣዩ ከተለካ ፍጥነቱ በ4 ቆጠራ የሚደጋገም ሐሰተኛ ሞገድ ያሳያል። ሁልጊዜ ከአንድ ዓይነት ጠርዝ እስከ ተመሳሳዩ ጠርዝ ይለካ። 20 ሚሊሰከንድ ሙሉ ጠርዝ ካልመጣ ፍጥነቱ ዜሮ ተብሎ ይወሰዳል።

የፒ ደብሊው ኤም (ሞተሩን በፍጥነት እያበሩና እያጠፉ ጉልበቱን የመመጠን ዘዴ) ድግግሞሽ 20 ኪሎኸርዝ ሆነ፣ እንዳይሰማ። የድራይቨሩ የከረንት ገደብ 64ን ገደቡን ለሚወስነው ሬዚስተር በኪሎኦም በማካፈል ይገኛል፤ 33 ኪሎኦም ተደርጎ 1.94 አምፒር ወጣ።

ሳምንት 2፦ 99 ሚ.ሜ ላይ ያለው ግድግዳ

እግሩ ከ0 እስከ 80 ሚ.ሜ ሲመላለስ ምንም ችግር የለም። 100 ሚ.ሜ ሲታዘዝ 99 አካባቢ ሲደርስ በሙሉ ኃይል ወደላይ ተወርውሮ ሊሚት ስዊቹን መታ። ሦስት ጊዜ ተደገመ፣ ሦስቱንም እዚያው።

የኤፍ 103 ታይመር ባለ 16 ቢት ነው። 65536 ቆጠራ በ1.515 ማይክሮን ሲባዛ 99.3 ሚ.ሜ። ቆጣሪው እዚያ ላይ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ፕሮግራሙ እግሩ መሬት ላይ ያለ መስሎት 100 ሚ.ሜ ለመውጣት ይጣደፋል። መፍትሔው በየዙሩ የአሁኑን ቆጠራ ከቀደመው ቀንሶ፣ ልዩነቱን ምልክት ባለው 16 ቢት ወስዶ፣ ባለ 32 ቢት ድምር ላይ መጨመር ነው። ፈተና በሙሉ ርዝመት ካልተደረገ እንዲህ ያለው ጉድ ተደብቆ ይቀራል።

ሊሚት ስዊቾቹ በተለምዶ ዝግ በሆነው መገናኛቸው ተያያዙ። ሽቦ ቢበጠስ እንደተነካ ይቆጠራል፣ ሞተሩም ይቆማል።

በዚሁ ሳምንት የጠፋ አንድ ቀን፦ ለማረሚያ ዩ ኤስ ቢ ተከፍቶ ካኑ አልነሳ አለ። በኤፍ 103 ላይ ዩ ኤስ ቢና ካን አንድ የሚጋሩት ሚሞሪ ስላለ አብረው አይሠሩም። ወደ ዩአርት (ፊደል በፊደል የሚልክ ቀላል መስመር) ተዞረ። ዩአርቱ ደግሞ የራሱን ወጥመድ ይዞ መጣ፦ በ115200 ፍጥነት አንድ ፊደል 87 ማይክሮሰከንድ ይፈጃል። 60 ፊደል ያለው የማረሚያ መስመር 5.2 ሚሊሰከንድ፤ ከዙሩ ከእጥፍ በላይ። ለማየት የተጨመረው መስመር ራሱ የሚታየውን ነገር ያበላሻል። ከዚያ ወዲህ ማረሚያ ሁሉ በዲ ኤም ኤ (ፕሮሰሰሩን ሳያስጠብቅ ዳታ የሚያመላልስ ክፍል) ብቻ ይወጣል፣ ቦታ ከሞላም ይጣላል እንጂ አይጠበቅም።

ሳምንት 3፦ 16ቱ በአንድ ሽቦ

ዋናው ተቆጣጣሪ ራስበሪ ፓይ 4 ከኤም ሲ ፒ 2515 የካን ሞጁል ጋር ነበር። መጀመሪያ ሲበራ በባሱ ላይ አንድም ፍሬም (አንድ ሙሉ መልእክት) አላለፈም። ሦስት ጥፋት ተደራርቦ ነበር፣ አንዱ ሌላውን እየሸፈነ።

አንደኛ፣ ኤሌክትሪክ ጠፍቶ በመልቲሜትር በሁለቱ የካን ሽቦዎች መካከል ሲለካ 60 ኦም መገኘት አለበት፤ ማለትም በሁለቱ ጫፍ አንዳንድ 120 ኦም። የተገኘው 7 ኦም ብቻ። የኖዶቹ (በየእግሩ ያሉት ቦርዶች) ትራንሲቨር ሞጁሎች፣ ማለትም ቺፑን ከካን ሽቦ ጋር የሚያገናኙት፣ እያንዳንዳቸው 120 ኦም ተበይዶባቸው ይመጣሉ፤ 16ቱ ጎን ለጎን ሲሆኑ 7.5፣ ፓይ ጋ ያለው ሲታከል 7.06። ከሁለቱ ጫፎች በስተቀር ከሁሉም ላይ ተነሣ። ይህ ቁጥር ብዙ ስለሚናገር ከማንኛውም ነገር በፊት ይለካ፦ 120 ከሆነ አንዱ ጫፍ ጎድሏል፣ 40 ከሆነ ሦስተኛ ሬዚስተር የሆነ ቦታ አለ።

ሁለተኛ፣ የፓይ ሞጁል ክሪስታል (የቺፑን ሰዓት የሚመታው) 8 ሜጋኸርዝ ነው። በዚህ ክሪስታል የኤም ሲ ፒ 2515 ትንሿ የጊዜ ክፋይ 250 ናኖሰከንድ ናት። በ1 ሜጋቢት አንድ ቢት 1 ማይክሮሰከንድ ስለሆነ አራት ክፋይ ብቻ ይደርሰዋል፤ ቺፑ በዚያ አይሠራም። እስከ 500 ኪሎቢት ብቻ ነው የሚሄደው። ክሪስታሉ በ16 ሜጋኸርዝ ተተካ፣ በፓይ ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ ያለውም ቁጥር አብሮ ተቀየረ። አንዱን ቀይሮ ሌላውን የረሳ ሰው ባሱ በግማሽ ወይም በእጥፍ ፍጥነት ሲጮህ ያገኘዋል።

ሦስተኛ፣ እግር 7 እና እግር 15 በዲፕ ስዊች (በቦርዱ ላይ ባሉ ትናንሽ ማብሪያዎች) አንድ ቁጥር ተሰጥቷቸው ነበር። በካን ባስ ዝቅተኛ መለያ ያለው ይቀድማል፤ ሁለት ኖድ አንድ መለያ ይዘው በአንድ ጊዜ ሲልኩ ግን የሚለያቸው የለም። ዳታው ላይ ሲደርሱ ይጋጫሉ፣ ስህተት ይቆጠራል፣ ቆጣሪው 255 ሲያልፍ ኖዱ ራሱን ከባሱ ያወጣል። ምልክቱ ግራ ያጋባል፦ ሁለቱም እግሮች ብቻቸውን ሲፈተኑ ጤነኛ ናቸው።

የባሱ ሒሳብም እዚህ ይግባ። 8 ባይት የያዘ ተራ ፍሬም፣ የሚጨመሩት ቢቶች በከፋ ሁኔታ ሲቆጠሩ፣ 135 ቢት ነው። በ1 ሜጋቢት 135 ማይክሮሰከንድ። በየዙሩ 16 የሁኔታ ፍሬም (3 ባይት ቦታ፣ 2 የሎድ ሴሉ ኃይል፣ 2 ከረንት፣ 1 ምልክት) እና 4 የትዕዛዝ ፍሬም (በአንዱ ውስጥ የ4 እግር ትዕዛዝ፣ መለኪያው 2 ማይክሮን) ያስፈልጋል። 20 በ135፣ 2.7 ሚሊሰከንድ። ስለዚህ 4 ሚሊሰከንድ ዙር፣ 250 ኸርዝ። 500 ኸርዝ በአንድ ባስ አይገባም።

ሳምንት 4፦ በየ80 ሰከንዱ የሚመጣው ንዝረት

ላሜራው ተጭኖ 16ቱ እግሮች ሠሩ። ለአንድ ደቂቃ ያህል ዝም ብሎ ይቆማል፤ ከዚያ ከጥግ ጀምሮ ቀስ እያለ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ያይላል፣ ይበርዳል፣ ይጠፋል። ከ80 ሰከንድ በኋላ እንደገና። ጌይን (ቁጥጥሩ ለስህተት የሚሰጠው የምላሽ መጠን) ቢቀነስም ቢጨመርም የሚቀየረው የንዝረቱ ጉልበት ነው እንጂ 80ው ንቅንቅ አይልም።

ጌይን ሲቀየር የማይለወጥ ጊዜ የመካኒክ ወይም የፒ አይ ዲ ጊዜ አይደለም፤ የሰዓት ጊዜ ነው። እያንዳንዱ ኖድ በራሱ ክሪስታል በየ4 ሚሊሰከንዱ ይለካና ይልካል። ክሪስታሎች ደግሞ በሚሊዮን በጥቂት አሥሮች ይለያያሉ። በሁለት ኖዶች መካከል በሚሊዮን 50 ልዩነት ካለ በሰከንድ 50 ማይክሮሰከንድ ይራራቃሉ። 4 ሚሊሰከንድ ለ50 ማይክሮሰከንድ ሲካፈል 80 ሰከንድ! የእግር 4 ንባብ አንዴ ትኩስ ሆኖ፣ አንዴ አንድ ሙሉ ዙር ያረጀ ሆኖ ይደርሳል፣ በመካከሉም ሁሉንም ዕድሜ ያልፋል። ተቆጣጣሪው ግን 16ቱንም እኩል ትኩስ አድርጎ ይወስዳቸዋል።

ይህን ለማረጋገጥ በሁለት ኖዶች ላይ ልኬት በሚጀመርበት ቅጽበት አንድ ፒን ከፍ እንዲል ተደርጎ በሎጂክ አናላይዘር ታየ። ሁለቱ ምቶች በስክሪኑ ላይ አንዱ ሌላውን ቀስ እያለ ሲያልፈው ይታያል፤ እንደተደረቡ ንዝረቱ ይቆማል፣ ሲራራቁ ይመጣል። ከዚህ በኋላ ክርክር አልነበረም።

ሳምንት 5፦ አንድ ሰዓት ለሁሉም

ተቆጣጣሪው በየዙሩ መጀመሪያ ዳታ የሌለው አጭር የሲንክ ፍሬም ይልካል (በከፋ ሁኔታ 55 ቢት)። ኖዶቹ ሲንኩ በደረሰበት ኢንተራፕት (ሌላውን ሥራ አቋርጦ የሚገባ አጭር ሥራ) ውስጥ ኢንኮደሩን፣ ከረንቱንና የመጨረሻውን የኃይል ንባብ ይይዛሉ፤ ከዚያ በተራቸው ይልካሉ። የሚላኩት በተለያየ ጊዜ ነው፣ የተለኩት ግን በአንድ ቅጽበት ነው። የትዕዛዝ ፍሬምም ሲደርስ ወዲያው ሥራ ላይ አይውልም፤ ቀጣዩ ሲንክ እስኪመጣ ይጠብቃል። ይህ አንዳንዱን ትዕዛዝ ያዘገያል፤ ይሁን። የሚታወቅ መዘግየት በስሌት ይካሳል፣ የሚዋዥቅ ግን አይካስም።

ቀጥሎ የታየው ችግር ሲንኩ ራሱ ነበር። በፓይ ላይ ተራ ሊነክስ ሲሠራ ሲንኩ አብዛኛውን ጊዜ በ100 ማይክሮሰከንድ ውስጥ ይወጣል፤ ወደ ሚሞሪ ካርዱ ሲጻፍ ግን አንዳንዴ 3 እና 4 ሚሊሰከንድ ይዘገያል። አማካዩ ሲታይ ግሩም ነው፤ ላሜራው ግን አማካይ አያውቅም። ሊነክስ አስቸኳይ ሥራን በጊዜው እንዲያደርስ የሚያደርገው ፕሪኤምፕት አር ቲ ሲጫን (ከ2024ቱ 6.12 ጀምሮ በዋናው የሊነክስ ከርነል ውስጥ ገብቷል) ከ150 ማይክሮሰከንድ በታች ወረደ። ሆኖም ፍሬም መጥፋት ቀጠለ። ኤም ሲ ፒ 2515 ያለው ሁለት የመቀበያ ቦታ ብቻ ነው፤ 16 ፍሬም በተከታታይ ሲመጣ ፓይው በ270 ማይክሮሰከንድ ውስጥ በኤስ ፒ አይ (ቺፖችን እርስ በርስ በሚያገናኘው መስመር) መጥቶ ካላነሳ ሦስተኛው ይጣላል። በሰዓት ጥቂት መቶ ፍሬም ይጠፋ ነበር።

እዚህ ላይ ውሳኔ ተወሰደ። ቁጥጥሩ ከፓይው ወጥቶ ወደ ኤስ ቲ ኤም 32 ኤች 743 (480 ሜጋኸርዝ፣ ሁለት የካን መስመር) ተዛወረ። ፓይው መዝገብ ይይዛል፣ ስክሪን ያሳያል፣ ቢጠፋም ጠረጴዛው አያውቅም። በሁለት ባስ 8 እና 8 እግር ሲካፈል፦ 55 ሲደመር 2 ትዕዛዝ ሲደመር 8 ሁኔታ፣ 1405 ማይክሮሰከንድ። 2 ሚሊሰከንድ ዙር ገባ፣ 595 ማይክሮሰከንድ ተረፈ። ካን ኤፍ ዲ (ፈጣኑ አዲስ የካን ዓይነት) ለምን አልሆነም ለሚል፦ የኤፍ 103 ካን አሮጌው ዓይነት ነው፤ የኤፍ ዲ ፍሬም ሲያይ ስህተት ብሎ ያፈርሰዋል። አንዱ ኖድ ካልቻለ ባሱ ሁሉ አይችልም።

አሁን በዙር ሀ የተለካ፣ በዚያው ዙር መጨረሻ ይሰላል፣ በቀጣዩ ይላካል፣ በሦስተኛው ሲንክ ሥራ ላይ ይውላል። 4 ሚሊሰከንድ፣ ሁልጊዜ። በ8 ኸርዝ ይህ የ11.5 ዲግሪ ኪሳራ ነው፤ ይቻላል።

በኤች 743 ላይ አንድ ከሰዓት የፈጀ ጥፋት፦ በዲ ኤም ኤ የሚወጣው መዝገብ ዜሮ ብቻ ነበር። ቋቱ ያረፈው ዲ ቲ ሲ ኤም በተባለው ሚሞሪ ላይ ነው፤ ተራው ዲ ኤም ኤ እዚያ አይደርስም። ወደ ሌላው ሚሞሪ ሲዛወር ደግሞ ካሹ (የፕሮሰሰሩ ፈጣን ጊዜያዊ ሚሞሪ) አሮጌ ዳታ ሰጠ። ለዲ ኤም ኤ የተለየ ካሽ የሌለው ክልል ተሰጠ፣ ተፈታ።

ሳምንት 6፦ ሎድ ሴል

የሎድ ሴሉን ምልክት ወደ ቁጥር የሚቀይረው ኤች ኤክስ 711 የተገዛው ርካሽ ስለሆነና ሁሉም ሰው ስለሚጠቀምበት ነው። ለሚዛን ጥሩ ነው። ለቁጥጥር ሦስት ነገር ያበላሸዋል።

ሞጁሎቹ ሲመጡ የፍጥነት ፒናቸው ከግራውንድ ጋር ተያይዞ በሰከንድ 10 ንባብ ላይ ናቸው። ወደ 80 ለመቀየር ፒኑን ማንሳትና ከቮልቴጁ ጋር ማገናኘት ያስፈልጋል። 80 ላይም ቢሆን ጭነቱ በድንገት ሲቀየር ንባቡ እስኪረጋ 50 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። በ5 ኸርዝ ይህ ብቻውን 90 ዲግሪ ነው።

ሦስተኛው ተንኮለኛ ነው። ዳታው ሲነበብ የሰዓት ፒኑ ከ60 ማይክሮሰከንድ በላይ ከፍ ብሎ ከቆየ ቺፑ ራሱን ያጠፋል። ኤፍ 103 የተንሳፋፊ ቁጥር (ባለ ነጥብ ቁጥር) ሃርድዌር የለውም፤ በሲንክ ኢንተራፕት ውስጥ ይሠራ የነበረው ስሌት 80 ማይክሮሰከንድ ይፈጅ ነበር። ኢንተራፕቱ ፒኑ ከፍ ባለበት ቅጽበት ከመጣ ቺፑ ይተኛል፣ ሲነቃ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ምልክቱ፦ በየጥቂት ሰከንዱ አንዱ እግር ለግማሽ ሰከንድ ያህል ኃይሉ ይደርቃል፤ የትኛው እግር እንደሆነ አይታወቅም፣ ይቀያየራል።

16ቱም ወጥተው በኤ ዲ ኤስ 1220 ተተኩ፤ በኤስ ፒ አይ በሰከንድ 1000 ንባብ ይሰጣል፣ እያንዳንዱም ንባብ የረጋ ነው። ሎድ ሴሉ በቮልት 2 ሚሊቮልት ስለሚሰጥ በ5 ቮልት ሙሉ ጭነቱ 10 ሚሊቮልት ነው፤ ማጉያው 128 ላይ። ማመሳከሪያ ቮልቴጁ ሎድ ሴሉን የሚመግበው ያው 5 ቮልት ስለሆነ ሰፕላዩ ቢዋዥቅ ንባቡ አይዋዥቅም። ከወጪ ሁሉ ያመመው ይህ ነው፦ 16 ሞጁል ተጥሎ 16 አዲስ፣ ደግሞም የኖዱ ቦርድ እንደገና ታተመ። ስሌቱም ከኢንተራፕት ወጥቶ በሙሉ ቁጥር ተጻፈ፤ 80ው ወደ 9 ማይክሮሰከንድ ወረደ።

የሎድ ሴሉ ሽቦ ከሞተሩ ሽቦ ጋር በአንድ ቱቦ ስላለፈ ንባቡ ላይ 300 ግራም ያህል ጩኸት ነበር። ተለያይተው፣ የተጠማዘዘ ባለ ሽፋን ሽቦ ተደርጎ፣ ሽፋኑ በአንድ ጫፍ ብቻ ከግራውንድ ሲያያዝ 15 ግራም ቀረ።

ሳምንት 7፦ የኤሌክትሪክ ኃይል

16 በ1.94፣ 31 አምፒር። ሰፕላዩ 15 አምፒር ነው። በሥራ ላይ ከ6 አይበልጥም፤ ሁሉም አብረው ሲነሱ ግን ቮልቴጁ ወደ 17 ወርዶ ጫፍ ላይ ያሉት አራት ኖዶች ሪሴት ያደርጉ ነበር። ትልቅ ሰፕላይ ከመግዛት ይልቅ የትዕዛዙ ፍጥነት በ200 ሚሊሰከንድ እንዲያድግ ተደረገ፤ ኖዶቹ የራሳቸው ባለ 5 ቮልት ሰፕላይ ተለይቶ ተሰጣቸው፤ አንዱ ረጅም የ24 ቮልት መስመርም በአራት ተከፈለ። ኖዱ ሲነሳ የሪሴቱን ምክንያት ከመዝገቡ አንብቦ ይልካል፤ ከዚህ በፊት ይህ ባለመኖሩ የቮልቴጅ መውረዱ ለሁለት ቀን የፕሮግራም ስህተት መስሎ ተፈልጓል።

ሳምንት 8 እና 9፦ እግሮቹ እርስ በርስ ሲጣሉ

አንድን ጠፍጣፋ ነገር ለማቆም ሦስት ነጥብ ይበቃል። እዚህ 16 አሉ፣ 13ቱ ትርፍ ናቸው። ባዶው ላሜራ ብቻ ሲሆን ለእያንዳንዱ እግር 1.46 ኪ.ግ ሊደርሰው ይገባል። የተነበበው፦ እግር 6 ላይ 7.2 ኪ.ግ፣ እግር 5 እና እግር 10 ላይ ዜሮ፤ ከሥራቸው ወረቀት ያልፋል። ቦታቸው ግን 16ቱም ትክክል ነው ይላል፣ በ3 ማይክሮን ውስጥ።

ምክንያቱ የመነሻው ዜሮ ነው። እያንዳንዱ እግር ዜሮውን የሚያገኘው ከታችኛው ሊሚት ስዊች ነው፤ ስዊቾቹ የታሰሩበት ከፍታ እስከ ግማሽ ሚሊሜትር ይለያያል። የፒ አይ ዲው አይ ክፍል (ስህተትን እየደመረ የሚሄደው) ደግሞ እልኸኛ ነው፦ ሐሰተኛው ዜሮ እስኪሞላ ጎረቤቱን ተሸክሞም ቢሆን ይገፋል። ሞተሮቹ ላሜራው ቆሞ ሳለ 0.9 አምፒር እየበሉ ይግላሉ።

ዜሮዎቹን በእጅ ማስተካከል አንድ ቀን ሠራ፤ በማግስቱ ጭነት ሲቀየር ተመልሶ ተበላሸ። የአይ ክፍሉን ማጥፋት ጭነት ሲመጣ ላሜራው እንዲሰምጥ አደረገ።

የጸናው አካሄድ 16ቱን እግር እንደ 16 የተለያየ ቁጥጥር አለመያዝ ነው። ከ16ቱ የቦታ ንባብ ሦስት ቁጥር ብቻ ይወጣል፦ አማካይ ከፍታ፣ የግራ ቀኝ ዝንባሌ፣ የፊት ኋላ ዝንባሌ። ዝንባሌው የእያንዳንዱ እግር ርቀት ከመሀል (540፣ 180፣ ወይም በተቃራኒው) በቁመቱ ተባዝቶ፣ ተደምሮ፣ ለ2,592,000 ሲካፈል ይገኛል፤ ይህ ቁጥር የ16ቱ ርቀቶች ካሬ ድምር ነው። የአይ ክፍል ያላቸው እነዚህ ሦስቱ ብቻ ናቸው።

ለቀሪዎቹ 13 ኃይል ይመራቸዋል። በ16ቱ የኃይል ንባብ ውስጥ በዚያው ዘዴ አንድ ጠፍጣፋ ወለል ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ እግር ከወለሉ ምን ያህል እንደሚለይ ይታያል። የበዛበት ትንሽ ይወርዳል፣ ያነሰበት ትንሽ ይወጣል። ልዩነቶቹ ሲደመሩም፣ በርቀት ተባዝተው ሲደመሩም ዜሮ ስለሆኑ ይህ ማስተካከያ ከፍታውንም ዝንባሌውንም አይነካም። ሁለቱ ቁጥጥሮች ሳይነካኩ ይኖራሉ። የቦታው በ8 ኸርዝ፣ የኃይሉ በግማሽ ኸርዝ ይሠራል፤ መቀራረብ የለባቸውም።

ውጤት፦ ባዶ ላሜራ ላይ ከ1.2 እስከ 1.8 ኪ.ግ፣ የቆመበት ከረንት ከ0.1 አምፒር በታች።

ከዚያ 60 ኪ.ግ በቀጥታ እግር 6 ላይ ተቀመጠ። ኃይል አካፋዩ እግሩ ተበደለ ብሎ ዝቅ አደረገው፣ ጎረቤቶቹን ከፍ አደረገ፣ እስከ ተፈቀደለት 1.5 ሚ.ሜ ድረስ። ላሜራው እንደ ሳህን ጎደጎደ። ስህተት አይደለም፤ የታዘዘውን ነው ያደረገው። እግሮቹ 50 ኪ.ግ ስለሚችሉ ሙሉ እኩልነት አያስፈልግም፤ ገደቡ ወደ 0.4 ሚ.ሜ ወረደ፣ ከ40 ኪ.ግ በላይ የያዘ እግር ሲኖር ብቻ እስከ 1 ሚ.ሜ ይፈቀዳል። ጠፍጣፋነት ይበልጣል ወይስ ሸክም መካፈል የሚለው በስሌት የሚወጣ ሳይሆን የሚመረጥ ነው።

ሳምንት 10፦ ተግባራትና ቅድሚያ

በኤች 743 ላይ ፍሪ አርቶስ (ተግባራትን በየቅድሚያቸው የሚያስኬድ ትንሽ ሥርዓተ ክወና) አለ። ቁጥጥሩ ከፍተኛ ቅድሚያ፣ ለፓይው የሚላከው መሀል፣ መዝገብ አጻጻፉ ዝቅተኛ። በቀን አንድ ሁለት ጊዜ ቁጥጥሩ አንድ ሙሉ ዙር ይስታል። በቺፑ የዑደት ቆጣሪ ሲለካ ስሌቱ 38 ማይክሮሰከንድ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጥፋቱ የሥራ ብዛት አይደለም።

መዝገቡና ቁጥጥሩ የሚጋሩትን ሰንጠረዥ የሚቆልፈው ባይናሪ ሴማፎር ነበር። መዝገቡ ቁልፉን ይዞ ሳለ የመሀሉ ተግባር ይነሳና ያስቆመዋል፤ ቁጥጥሩ ቁልፉን ሲጠብቅ ከሁሉ በላይ የሆነው በመሀሉ ተይዞ ይቀራል። በ1997 ማርስ ላይ ያረፈችው ፓዝፋይንደር ኮምፒውተሯን ደጋግማ ሪሴት ያስደረጋት ይኸው ዓይነት ነገር ነበር። በፍሪ አርቶስ ሚውቴክስ ቁልፍ ለያዘው ዝቅተኛ ተግባር የጠባቂውን ቅድሚያ ያውሰዋል፤ ባይናሪ ሴማፎር አያውስም። ሁለቱ አጠራራቸው ስለሚመሳሰል በቀላሉ ይምታታሉ። ተቀየረ። በኋላ ቁልፉ ራሱ ወጣ፦ ቁጥጥሩ በሁለት ሰንጠረዥ እየተፈራረቀ ይጽፋል፣ መዝገቡ ያለፈውን ያነባል።

ሌላው፦ በኮርቴክስ ኤም (የእነዚህ ቺፖች የፕሮሰሰር ዓይነት) ላይ የኢንተራፕት ቅድሚያ ቁጥር ሲያንስ ኃይሉ ይበልጣል። የካኑ ኢንተራፕት ፍሪ አርቶስ ከሚፈቅደው በላይ ከፍ ተደርጎ ስለነበር ከውስጡ ተግባር ሲቀሰቀስ አልፎ አልፎ ሲስተሙ ይንኮታኮት ነበር። የማረጋገጫ ማክሮዎቹ በርተው ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ይያዝ ነበር።

ሳምንት 11፦ ሆን ብሎ ማበላሸት

በምልክት ባይቱ ውስጥ 4 ቢት ለሲንክ ቁጥር ተሰጠ። ንባቡ የአሁኑ ዙር ካልሆነ ተቆጣጣሪው ይጥለዋል፤ አንድ ዙር ከጎደለ በመጨረሻው ፍጥነት ይገምታል፣ ሦስት ከጎደለ ያ እግር ባለበት ይቆያል፣ አምስት ከጎደለ ሁሉም ይቆማሉ። ኖዱም በበኩሉ 5 ሲንክ (10 ሚሊሰከንድ) ካላየ ሞተሩን ይይዛል።

የካን ኬብል በሥራ ላይ ሳለ ሲነቀል፦ 16ቱም ቆሙ። የአንድ ኖድ ኤሌክትሪክ ሲጠፋ፦ ሁሉም ቆሙ፣ እግሩ አልወረደም (ሊድ ስክሩ ይይዛል)። የሎድ ሴል አንድ ሽቦ ሲበጠስ፦ አልተያዘም። ንባቡ አንድ ቦታ ላይ ተገትሮ ቀረ፣ አካፋዩም ያንን አምኖ እግሩን እስከ ገደቡ ወሰደው። ደህና ሎድ ሴል በ24 ቢት ሲነበብ ዝቅተኛ ቢቶቹ መቼም አይረጉም፤ ስለዚህ 50 ንባብ በተከታታይ አንድ ዓይነት ከሆነ ሞቷል ተብሎ ይቆጠራል፣ ወለሉ በ15ቱ ይሰላል።

ዋችዶጉ (ፕሮግራሙ ሲሰናከል ቺፑን ሪሴት የሚያደርገው ሰዓት) ላይ፦ በኤፍ 103 የሚነዳው ውስጣዊ ሰዓት 40 ኪሎኸርዝ ተብሎ ቢታሰብም ከቺፕ ቺፕ ከ30 እስከ 60 ሊሆን ይችላል። 20 ሚሊሰከንድ የተባለው በአንዱ ኖድ 14 ሆኖ ተገኘ፤ የመነሻ ፈተናው ከዚያ ስለሚረዝም ኖዱ ሳይነሳ ደጋግሞ ሪሴት ያደርግ ነበር። ወደ 50 ከፍ አለ።

ሳምንት 12

200 ኪ.ግ ተጭኖ፣ 40 ኪ.ግ የሆነው ክፍል ከጥግ ወደ ጥግ በሰከንድ 200 ሚ.ሜ ሲጎተት፦ ከፍታው ከ0.15 ሚ.ሜ በላይ አልተለወጠም። ለ72 ሰዓት የጠፋ ፍሬም 11፣ ሁሉም በባስ ሁለት። የባስ ሁለት የእግር 13 ቅርንጫፍ ሽቦ 70 ሳ.ሜ ነው፤ በ1 ሜጋቢት ከ30 ሳ.ሜ መብለጥ አልነበረበትም። ቅርንጫፉ ወጥቶ ባሱ ራሱ ወደ ኖዱ ገብቶ እንዲወጣ እየተደረገ ነው።

የቀረ፦ የእግር 11 ሎድ ሴል በሰዓት 40 ግራም ወደላይ ይሄዳል። ሞተሩ አጠገብ ስለሆነ ሙቀት ተጠርጥሮ በመካከላቸው የፕላስቲክ ሰሌዳ ገባ፤ ወደ 25 ወርዷል። ሎድ ሴሉን ከእግር 3 ጋር አቀያይሮ ጥፋቱ ከሴሉ ጋር ይሄድ እንደሆነ ወይም ከቦታው ጋር ይቀር እንደሆነ ማየት ቀጣዩ ሥራ ነው።